ድቧ በማን አፍ ተናገረች?



የዚህ ምሽት አዘጋጆች የጠሩኝ «ስለ ልጆች አስተዳደግ ንግግር አድርጊልን» ብለው ነው። ልጆቼ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ስላሉ ብዋሽ ወዲያው ያጋልጡኛል። ስለዚህ ለምኜ ርእሱን አስቀየርኩና ስለ አንድ የካርቱን ፊልም ልናገር መጣሁ። መሳቃችሁን አይቻለሁ። እኔም ያኔ ትኬቱን ስቆርጥ ልጆቹን ለሁለት ሰዓት ጸጥ የሚያሰኝልኝ ነገር አገኘሁ ብዬ ነበር እንጂ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ቤታችንን ሲያከራክር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ዓመት ስጠራ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እናቴ ብትሰማኝ ትቆጣ ነበር፤ ግን እዚህ እንግሊዝ አገር ወረቀታችን ሁሉ በዚያው ነው።

ፊልሙ «ብሬቭ» ይባላል። ፒክሳር የሠራው፣ በ2012 የወጣ፣ በዓመቱ በአኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር የወሰደ ነው። ለንደን የደረሰው ኦሊምፒኩ ባለቀ ሰሞን ነበር። ያን ሰመር መቼም አትረሱትም፤ ጥሩነሽ በ10 ሺህ፣ ቲኪ ገላና በማራቶን፣ መሠረት በ5 ሺህ ወርቅ ወሰዱ። እናቴ የስድስት ወር ቪዛ ይዛ የልጅ ልጆቿን ልታይ ከአገር ቤት፣ ከሐሙሲት መጥታ ስለነበር ሁሉንም አብረን አየን። መሠረት ካሸነፈች በኋላ የእመቤታችንን ሥዕል ከደረቷ አውጥታ ስታለቅስ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከሶፋው ተነሥታ ቆመች። እንግዲህ ስለ ጀግና ሴት ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም ብለን በተኮፈስንበት ሳምንት ነው ሲኒማ የገባነው።

የገባነውም እዚሁ ፓርክ ሮያል፣ ዌስተርን አቬኑ ዳር ካለው ነው። አብዛኞቻችሁ ከአውቶቡስ መስኮት ነው የምታውቁት፤ ይህ ሰፈር የሚሠሩበት እንጂ የሚዝናኑበት አይደለም። ስሙ ንጉሣዊ መሆኑ እንዳያታልላችሁ። በ1903 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የግብርና ማኅበር ቋሚ የኤግዚቢሽን ሜዳ ሊያደርገው ከፍቶት፣ ገበያው አልሆን ብሎት በሁለት ሦስት ዓመት ትቶት ሄደ፤ ስሙ ብቻ ቀረ። ከዚያ የመጣው ፋብሪካ ነው። ሩትማስተር የሚባለው ቀይ አውቶቡስ አካሉ የተሠራው እዚህ ነው፤ ጊነስ እስከ 2005 ቢራውን የጠመቀው እዚህ ነው። ዛሬ ደግሞ ለንደን ጠዋት ቢሮ ገብታ የምትገምጠው ሳንድዊች ሌሊቱን እዚህ ሲሞላ ያድራል። እኔም ጸጉሬን በመረብ ሸፍኜ ስሞላ ካደሩት አንዷ ነበርኩ።

ከቤት ሳንወጣ እናቴ «ስሙ ምን ማለት ነው?» አለች። ልጄ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትናገር ግን ቃሉን ከሩቅ ጠርታ ነው። ትንሽ አሰበችና «ደፋር» አለቻት።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ደፋር ልጅ ለማየት ነው ገንዘብ የምትከፍዪው? ቤትሽ አለችልሽ አይደል እንዴ!»

ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ መዝገበ ቃላት ብትገልጡም ከዚያው ሰፈር አያርቃችሁም። ግን አማርኛ የሚያወራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ወንድ ልጅን «ደፋር» ስንል አንዳንዴ ምስጋና ነው፤ ሴት ልጅን ስንል ዓይን አውጣ ማለታችን ነው። «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» ብሎ ልጁን የመረቀ አባት አላውቅም። ሥሩን ከተከተላችሁት ደግሞ ከዚያም የባሰ ቦታ ያደርሳችኋል። ከሁለት ዓመት በኋላ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» ተብሎ ወጥቶ በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ሲያገኝ፣ ፈረንጁ አንዱን ትርጉም ይዞ ወጣ፤ እኛ ሁለቱንም ሰማን። ለጋብቻ ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች ልጅ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። የደረሰባትንም፣ ያደረገችውንም በአንድ ቃል የሚጠራ ቋንቋ ነው ያለን። እና ልጄ ያን ቃል፣ ምን እንዳዘለ ሳታውቅ፣ ለአያቷ አቀበለቻት።

ፊልሙን ላላያችሁ ባጭሩ። መካከለኛው ዘመን፣ ስኮትላንድ፣ ዳገትና ጭጋግ። ሜሪዳ የንጉሥ ልጅ ናት፤ ቀስት ትወዳለች፣ ፈረስ ትወዳለች። እናቷ ንግሥት ኤሊኖር ሴት ወይዘሮ ልታደርጋት ከልጅነቷ ጀምራ ስትቀጣት ኖራለች። ሦስት ባላባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ለጋብቻ ይመጣሉ፤ በቀስት ይወዳደሩና ያሸነፈ ያግባት ይባላል። ልጅቷ ራሷ ወጥታ ሦስቱንም ዒላማ ትመታለች። ከዚያ ጠብ ነው። ልጅ እናቷ የጠለፈችውን የቤተ ሰቡን ሥዕል በሰይፍ ትቀድዳለች፤ እናት የልጇን ቀስት እሳት ውስጥ ትወረውራለች። ልጅቷ ጫካ ገብታ አንዲት ጠንቋይ ታገኝና «እናቴን ለውጭልኝ» ትላታለች። ጠንቋይዋ ኬክ ትሰጣታለች፤ እናት ትቀምሰውና ድብ ትሆናለች።

እዚህ ላይ እናቴ አማተበችና ጮክ ብላ «ቡዳ ናት!» አለች። ግማሹ ሲኒማ ዞሮ አየን። ድብ አገራችን የለም፤ እናቴ ድብ የምታውቀው ዳዊት ከአንበሳ ጋር በገደለው ነው። ሰው አውሬ ሲሆን ግን ታውቃለች፤ በእኛ በኩል ጅብ ነው የሚሆነው። በዚህ ወሬ ስንት ባለ እጅ እንደተገፋና እንደተሰደበ ስለማውቅ ደስ አላለኝም። ዝም አልኩ፤ ሲኒማ ውስጥ ነበርን።

የቤቱን አስተያየት በየተራ ልንገራችሁ። ወንዱ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የእሱ ሐሳብ አጭር ነው፦ ድቡ ያስፈራል። ንግሥቲቱን ሳይሆን ሌላውን፣ ክፉውን ድብ ማለቱ ነው። ለአንድ ሳምንት መካከላችን ተኛ።

ባለቤቴ የፊልሙን ሠሪዎች እስከ ዛሬ ይቅር አላላቸውም። ንጉሡ ፈርገስ አንድ እግሩን ለድብ ያስረከበ፣ የሚያገሣና የሚበላ፣ መንግሥቱን ግን ሚስቱ የምትመራለት ሰው ነው። ባላባቶቹ ሲደባደቡ፣ ልጆቻቸው ሲንቦጃቦጁ ነው የምናያቸው። «ወንዱ ሁሉ ጅል ካልሆነ ሴት ልጅ ጀግና አትሆንም ያለው ማን ነው?» ይላል። ልክ ነው። በዚህ ፈርጄለታለሁ፤ ስለፈረድኩለት በሌላው አይከራከረኝም ብዬ ነበር፤ አልሆነም።

ልጄ ያየችው ጸጉሩን ነው። የሜሪዳ ጸጉር ቀይ፣ ጥቅልል፣ ማበጠሪያ የማይገዛው ነው። ፒክሳሮች ለእሱ ብቻ አዲስ ፕሮግራም ሠርተው፣ ወደ 1,500 የሚጠጋ ጥቅል አንድ በአንድ ቀርጸውለታል። በውድድሩ ቀን እናትየው ያን ሁሉ በነጭ ሻሽ ጠቅልላ ትደብቀዋለች። አንዲት ዘለላ ግንባሯ ላይ ታመልጣለች። እናት መልሳ ትከታታለች፤ ልጅ መልሳ ታወጣታለች። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው።

ያኔ ልጄ በጨለማው ዞራ አየችኝ። የማታ ሺፍቴን ጨርሼ እቤት የምደርሰው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነበር። ሳልተኛ ልጄን ጉልበቴ መሀል አስቀምጬ፣ ትምህርት ቤት «ምንድን ነው ይሄ» እንዳይሏት፣ ሌሊቱን ሽንኩርት በከተፈ እጅ ጸጉሯን ጥብቅ አድርጌ እጎነጉናለሁ። ታለቅሳለች፤ «ዝም በይ፣ አለቀ» እላለሁ። አንዲት ዘለላ ሁልጊዜ ታመልጥ ነበር። ከእጄ አምልጣ ሳይሆን፣ እሷ እያወጣቻት እንደነበር ያን ቀን ነው የገባኝ።

በዓመቱ፣ በ2013፣ ዲዝኒ ሜሪዳን ከልዕልቶቹ ተርታ ሊያስገባ ሲል ወገቧን አቅጥኖ፣ ልብሷን አብረቅርቆ፣ ቀስቷንም አስጥሎ አዲስ ሥዕል አወጣ። ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው ተቃውሞ ፈረመ። አንዷ ፊርማ ከእኛ ቤት ናት፤ ስሟን አስጽፋ ፊደሉን ያረመችው ልጄ ናት።

የእናቴን ነገር ሆን ብዬ ወደ ኋላ አቆይቼዋለሁ። በአውቶቡሱ ስንመለስ ልጄ ተፍለቅልቃ «ሴት አያቴ፣ አየሽ? አላገባም አለች!» አለቻት፤ አገር የሚገለብጥ ዜና የነገረቻት መስሏት ነው። እናቴ «ታዲያ ወለተ ጴጥሮስ ምን አለች?» አለች።

እኛ ደራዎች ሐሙሲት ተወልደን ቋራጣን ሳናውቅ አናድግም። ቋራጣ ጣና ዳር ነው፤ ወለተ ጴጥሮስ የምትከበርበት። በ1592 ተወለደች። ባሏ የአፄ ሱስንዮስ ታላቅ ሹም ነበር። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሲያዘነብሉና ኋላም በ1622 በዐዋጅ ሲያጸኑት፣ ባሏ ከንጉሡ ጋር፣ እሷ ከቀደመው ሃይማኖት ጋር ሆነች። ጥላው ወጣች። ያን ሁሉ የጌጥ ጸጉር ተላጭታ መነኮሰች፤ ንጉሥ ፊት ቀርባ አልበገር አለች፤ ተሰደደች፤ ሰው ተከተላት፤ ሰባት ማኅበር አቆመች። በ1642 ዐረፈች፤ ኅዳር 17 ነው። ገድሏን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ጻፈው። አንዷ ጸጉሯን ፈትታ፣ አንዷ ጸጉሯን ተላጭታ፤ እናቴ ግን ልዩነቱ አልታያትም። «እምቢ ማለት እንግሊዝ አገር የተፈጠረ ይመስላችኋል» አለች። ስኮትላንድ ነው ብሎ ሊያርማት የሞከረው ባለቤቴ መልስ አላገኘም።

ልጄ «ይሄ ለምን ፊልም የለውም?» አለች። እስካሁንም አላየሁለትም። ብሩክታዊት ጥጋቡ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ከ2006 ጀምራ ለልጆች ስታቀርብ፣ ኋላም በ«ጥበብ ገርልስ» ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚታገሉ ልጃገረዶችን በካርቱን ስታመጣ መንገዱ እንደሚቻል አሳይታለች። የቋራጣዋ ግን ገና ብራና ላይ ናት።

ከዚያ እናቴ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ መስኮቱን እያየች «እኔንስ ማን ጠየቀኝ» አለች። የተዳረችው በልጅነቷ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በእሷ ዘመን ስንቱ እንዲያ ነበር። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለሴት አሥራ አምስት ዓመት ነበር የሚለው፤ በፌዴራል ደረጃ አሥራ ስምንት የሆነው በ2000 ነው፤ ሐሙሲት ደግሞ ሕጉን ጠብቆ የሚድር ሰው ብዙ አልነበረም። «በቅሎዋ ረጅም ነበረች» አለች። «እወድቃለሁ ብዬ ፈርቼ ሚዜው ትከሻ ላይ ጮህኩ። እነሱ ደግሞ ሙሽራ ስታለቅስ ደስ ይላቸዋል።» ይህን ስትናገር በሕይወቴ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ልጄ ግማሹ አልገባትም፤ እንድተረጉምላት ክንዴን ጎተተችኝ። አልተረጎምኩም።

አሁን ወደ ድቧ ልመለስ።

ንግሥቲቱ ድብ ስትሆን ከነዘውዷ ነው የምትሆነው። ጠዋት ላይ ጫካ ውስጥ ጠረጴዛ ታዘጋጃለች፤ ጭራሮ እንደ ሹካና ቢላ ደርድራ፣ ፍሬ ለቅማ፣ ውኃ ቀድታ፣ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ልጅቷ ፍሬው መርዝ እንደሆነ፣ ውኃው ትል እንዳለበት ትነግራታለች። እናት ትተፋዋለች። ረኃቡ ሲጠናባት ልጅቷ በቀስቷ ዓሣ ወግታ ታበላታለች፤ ከዚያ ወንዝ ውስጥ አስገብታ ማጥመድ ታስተምራታለች። ሲኒማው ሁሉ ይስቃል። ያስቃልም፤ ዘውድ የደፋ ድብ ውኃ ሲንቦጫረቅ።

እናቴ አልሳቀችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይቺ ሴትዮ ሰው አገር ናት» አለችኝ።

እናቴ ሐሙሲት ላይ ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። ቁርስ ሳትበላ ሁለት የተጣሉ ጎረቤቶች የምታስታርቅ ሴት ናት። እድር ላይ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰው ዝም ይላል። ለንደን ገብታ ግን የበሩ ቁልፍ ወዴት እንደሚዞር፣ የትኛው ቧንቧ ሙቅ እንደሆነ፣ አውቶቡስ በእጅ ምልክት እንደሚቆም ያስተማራት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። በትዕግሥት አስተማረቻት፤ አንዳንዴም በብስጭት።

ፊልሙን ከማየታችን በፊት በነበረው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። ሺፍት አድሬ ስለነበር ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ፤ ልጄ አስተረጎመች። ሐኪሙ «ምን ይሰማዎታል?» አላት። እናቴ ወራት ሙሉ ያለ ጎረቤት፣ ያለ ቡና ተጣሪ፣ ያለ ደጀ ሰላም ተቀምጣ «ሆድ ብሶኛል» አለች። ልጄ ሆድን አወቀች፣ ብሶን አወቀች፤ «ሆዷ ብሶባታል» አለችው። ስነቃ እናቴ አልጋ ላይ ተጋድማ ሐኪሙ ሆዷን ይጫናል፤ «እዚህ ጋ? እዚህስ?» ይላል። እናቴ ጣሪያውን እያየች ዝም ብላለች። ስንወጣ «ለምን ዝም አልሽ?» ብላት፣ «ልጅቷን ላሳፍራት?» አለችኝ። የጨጓራ መድኃኒት ታዞላት ወጣን።

ስለዚህ ፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ያለችውን ትዕይንት እንዴት እንዳየናት ገምቱት። ባላባቶቹ አዳራሽ ውስጥ ሊተራረዱ ነው። ሜሪዳ መሀላቸው ገብታ ትናገራለች። እናቷ ድብ ሆና ከኋላ ግድግዳው ጥግ ቆማ፣ ማንም ሳያያት፣ በእጇ ምልክት ታሳያታለች። ልጅቷ ምልክቱን እያየች ለባላባቶቹ ትናገራለች። ድቧ የምትላት «ጋብቻውን አፍርሺው፣ ልጆቹ የወደዱትን ይምረጡ» ነው። እናትየው የተሸነፈችበትን ነገር የምትናገረው በአሸነፈቻት ልጅ አፍ ነው፤ ልጅቷም አንድ ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ታደርሰዋለች። እኔ ይህን ካርቱን አልለውም። ጠዋት ጠዋት ስንቶቻችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ካውንስል ቢሮ ተሰልፋችሁ ታውቁታላችሁ። ልጁ ቆሞ ይናገራል፤ ከኋላው እናት በእጇ፣ በዓይኗ፣ በቅንድቧ።

ታሪኩን የጀመረችው ብሬንዳ ቻፕማን ናት፤ ከራሷ ልጅ ጋር ካላት ነገር እንደቀዳችው ተናግራለች። በ2010 ሥራው ከእጇ ወጥቶ ለማርክ አንድሩስ ተሰጠ፤ ኦስካሩን ሁለቱ ተካፈሉት። ባለቤቴ «ሁለት እጅ እንደነካው ያስታውቃል» ይላል፤ የመጀመሪያው ግማሽ የእናትና የልጅ፣ ሌላው የሩጫና የጩኸት ነው ለማለት ነው። እኔ ያን ያህል አይታየኝም። ስፌት የሚያየው ሌላ ሰው ነው።

ዲቪዲው ሲወጣ ገዛነው። እናቴ ልትሄድ ጥቂት ቀን ሲቀራት አንድ ከሰዓት በኋላ «ያቺን ቦታ አሳይኝ» አለቻት ልጄን። ልጅቷ የቀደደችውን ሥዕል ፈረስ ላይ ሆና እየጋለበች የምትሰፋበት፣ ኋላም ድቧ ላይ የምታለብስበት ቦታ ነው። «አቁሚው» አለች። ቆመ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጥልፍ ጠልፋለች፤ ሠፌድና ሙዳይ በአለላ ሰፍታለች። ከሶፋው ወርዳ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበርክካ፣ ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ስፌቱን አንድ በአንድ ተከተለችው። ትልልቅ፣ የተዛነፈ፣ የቸኮለ ስፌት ነው።

«አጣድፋዋለች» አለች። «መርፌውንም አላወቀችበትም። ግን ይዟል።» ከዚያ ለልጄ መርፌና ክር አምጪ አለቻትና ከነጠላዋ ጫፍ ቁራጭ ላይ ማስተማር ጀመረች። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ አላውቅም፤ ሺፍት ነበረብኝ፣ ወጣሁ።

ልጄ አሁን ሃያዎቹን አጋምሳለች። ባለፈው ወር አንድ የመንግሥት ቅጽ በስልክ ብቻ ነው የሚሞላው ተባልኩ፤ ኮድ ይልካል፣ ኮዱ ያልፍበታል፣ ፊትሽን አዙሪ ይላል። እሷ ስልኩን ይዛ ትሞላለች፤ እኔ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ፣ የተወለድኩበትን ቀን ስጠየቅ ብቻ እየመለስኩ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። እናቴ በሌላው ስልክ በቪዲዮ ከሐሙሲት መስመር ላይ ነበረች። ድምፅዋ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚደርሰው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችን።

«አንቺ ድብ!» አለችኝ። «ዓሣው ተያዘ ወይ?»